ከላይኛዋ ሳህን በታች

ውድ ትንሿ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። መቼም የእኔን ጠባይ ታውቂዋለሽ፤ ደብዳቤ ስጽፍ ጤናሽን ጠይቄ፣ የወገብሽን ነገር አንስቼ፣ ማን አገባ ማን ተፋታ ብዬ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሁለት ጣት ሲቀረው ነው ወደ ቁም ነገሩ የምገባው። ዛሬ ግን ልጅሽ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። እኔ አንድ ገጽ በጨረስኩ ቁጥር ተቀብላ ታነባለች። ይሄ አራተኛው ሙከራዬ ነው፤ ሦስቱን ቀድዳቸዋለች። የመጀመሪያውን «ተሳስቼ ነበር» ብዬ ነበር የጀመርኩት። «አክስቴ፣ ይሄ ስህተት አይባልም» አለችና ለሁለት ሰንጥቃ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ሁለተኛው ላይ ይቅርታ አበዛሁ፤ እሱም ተቀደደ። ሦስተኛውን ለምን እንደቀደደችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኩ።

ስለዚህ ሳልዞር ልንገርሽ። ያኔ፣ ሠላሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራሽን ሲያበላሽብሽ የከረመው እጅሽ አልነበረም። እጅሽ ንጹህ ነበር። ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ።

ተቀምጠሽ አንብቢው። አንብበሽ ስትጨርሺ ደግሞ እንደ ልማድሽ እጅሽን ልትታጠቢ እንዳትነሺ። አያስፈልግም። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊትም አያስፈልግም ነበር።

አንቺ ለእንግዳ ሥራሽን ስታስረጂ እኔ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ቆሜ ሳህን እደረድር ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እትዬ፣ አንቺስ ይሄን ሥራ እንዴት ነው የምትረጂው?» ብለሽኝ አታውቂም። እስቲ ዛሬ እኔ ላስረዳሽ፤ አሥረኛ ክፍልን ያቋረጠ ሰው እንደሚረዳው።

አምፒሲሊንን ሰው የሚያውቀው ከመሳቢያው ነው። ጉሮሮው ሲቆስል ይውጠዋል፣ ሻል ሲለው የተረፈውን ለጎረቤት ያድላል። እኛ የምርምር መሥሪያ ቤት ግን ማንንም አያድንም። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት አዲስ የሚሞክሩትን መድኃኒት ከእሱ ጋር ያፎካክሩታል፤ አንዷን ክብ ወረቀት በአዲሱ፣ ሌላዋን በእሱ ነክረው ባክቴሪያ የተቀባ ሳህን ላይ ያስቀምጡና በየዙሪያቸው ምን ያህሉ እንደሞተ በማስመሪያ ይለካሉ። አዲሱ አሮጌውን ካልበለጠ ወደ መጣያ። ሦስተኛ ፎቅ ደግሞ በጠርሙስ የሚያሳድጓቸው የሰው ሕዋሳት እንዳይበከሉባቸው የእሱን ዘመድ ጠብ ያደርጉበታል። አንቺ ጋ ግን ሥራው ሌላ ነበር። አንቺ ጋ የበር ዘበኛ ነበር።

ቁመታቸው አልጨምር ላላቸው ሕፃናት የሚሆነውን መድኃኒት ባክቴሪያዎቹ ራሳቸው እንዲሠሩልሽ ትፈልጊ ነበር። ስለዚህ የመድኃኒቱን ዘረመል ውስጣቸው ታስገቢያለሽ። ችግሩ ከብዙ ሺህ አንዱ ነው የሚቀበልሽ። የተቀበለሽን ካልተቀበለሽ ለመለየት፣ ከዘረመሉ ጋር አንድ የይለፍ ወረቀት ታያይዢለታለሽ፤ አምፒሲሊንን የሚቋቋምበትን። ከዚያ ሁሉንም እኔ ባፈሰስኩት ሳህን ላይ ትቀቢያቸዋለሽ። ሳህኑ ላይ የረጋው ጄሊ ውስጥ አምፒሲሊን አለ። ይለፍ የያዘ ያድራል፣ ያልያዘ ይሞታል። ጠዋት ስትመጪ አሥር አሥራ አምስት ነጭ ነጠብጣብ ታገኚያለሽ፤ እነሱ ያንቺ ናቸው። አየሽ፣ ገብቶኛል።

ዘበኛው አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ሙቀት አይችልም። ጄሊው ከእንፋሎት ማሽኑ ሲወጣ ይፋጃል። እስኪበርድ ሳትጠብቂ አምፒሲሊኑን ከጨመርሽበት ይሞታል። ሞቶም ግን አያስታውቅም። ቀለሙ ያው ነው፣ ሽታው ያው ነው፣ ጄሊውም እንደወትሮው ይረጋል። የሞተ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ አድሮ፣ የመጣው ሁሉ ሲገባ ሲወጣ ያድራል።

ለዚህ ቴርሞሜትር አለ። እኔ ግን አልጠቀምበትም። ጠርሙሱን የእጄ አንጓ ላይ፣ በውስጠኛው ቆዳ በኩል አስደግፌ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። ሃያ ድረስ ከቻልኩት አምፒሲሊኑም ይችለዋል። ይሄን መለኪያ ማንም አላስተማረኝም። እናታችን ስትሞት አንቺ የስምንት ወር ልጅ ነበርሽ፣ እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመቴ። የጡጦሽን ወተት በዚችው አንጓ ነበር የምለካው። አንዴ ቸኩዬ አቃጥዬሽ ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅሺ አደርሽ፤ ከዚያ በኋላ ነው እስከ ሃያ መቁጠር የጀመርኩት። አባታችን ሲከተላት ትምህርቴን ትቼ እዚህ ገባሁ፤ መጀመሪያ አጣቢ፣ ኋላ ሳህን አፍሳሽ። አንቺ ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ የተማርሽው በዚህ እጅ ነው። ይሄን የማነሳው ውለታ ልቆጥርብሽ አይደለም። ልጅሽ አሁን ቀና ብላ አየችኝና «ነው እንጂ» አለች። እሺ፤ ነው።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ከገባሽ ገና ሁለተኛ ሳምንትሽ ነበር። አለቃችን፣ ያ በመነጽሩ ላይ ሌላ መነጽር የሚደርበው፣ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ይዞ በየክፍሉ እያዞረ ያሳያቸው ነበር። አንቺ ነጭ ጋዋንሽን ቆልፈሽ ከፊት ከፊት ትሄጃለሽ። እኔ በሩ ጋ ሳህን ስደረድር አንደኛው ሰውዬ ቆም አለና «እኚህስ?» አለ።

«ሳህን የሚያዘጋጁልን ሴትዮ ናቸው» አልሽው።

ሴትዮ። ናቸው። በሕይወትሽ አንቱ ያልሽኝ የዚያን ዕለት ብቻ ነው። ሰውዬው ጨዋ ነበር፣ እጁን ዘረጋልኝ። እጄ እርጥብ ስለነበር ከጨበጠኝ በኋላ በመሃረቡ ጠረገ። እናንተ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፋችሁ።

ማታ እቤት ጫማሽን እያወለቅሽ «እትዬ፣ በዘመድ ገባች እንዳይሉኝ ብዬ እኮ ነው» አልሽኝ።

«ምን ክፋት አለው?» አልኩሽ።

«ደግሞ ውሸት አልተናገርኩም። ሥራሽን ነው የነገርኩት።»

«ልክ ነሽ» ብዬ እራትሽን አቀረብኩልሽ። በላሽ። እንዲያውም ደገምሽ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይሄን ልጅሽም ስትሰማው ገና ዛሬ ነው። በዘመድ ነው የገባሽው። ከሃያ ስድስት አመልካች አንቺ አሥራ ዘጠነኛ ነበርሽ። አለቃችንን ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ሲያቆም እየጠበቅኩ ነው ያስገባሁሽ። «ልጅቷ ምንሽ ናት?» ሲለኝ «ልጄ ናት» ነው ያልኩት። እኔ ያኔ ያስተዋወቅኩሽ እንደዚያ ነበር።

የመጀመሪያው ዕለት አስቤበት አይደለም። ጠርሙሱን አንጓዬ ላይ አድርጌ መቁጠር ጀመርኩ፤ አራት ላይ ስደርስ «ሴትዮ ናቸው» የሚለው ድምፅሽ መጣብኝ። አነሳሁት። አምፒሲሊኑን ጨመርኩበት፣ ጠርሙሱን መልሼ የሚፋጅ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ምሳዬን በልቼ ተመልሼ አፈሰስኩ። ሃያ ሳህን። በአረንጓዴ መስመር ምልክት አድርጌ ያንቺ መደርደሪያ ላይ አኖርኩልሽ።

ጠዋት ሁሉም ሳህን ሞልቶ አደረ፣ ምስክሯም ጭምር። ምስክር የምንላት ዘረመል ያልገባበት ባክቴሪያ የሚቀባባትን ሳህን ነው። ባዶዋን ማደር አለባት። ባዶ ካደረች ዘበኛው በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ከሞላች ሳህኖቹ ተበላሽተዋል፣ ጥፋቱም ያፈሰሰው ሰው ነው። አንቺም እንደ ደንቡ አደረግሽ። ለአለቃችን ጽፈሽ አመለከትሽ። የማስጠንቀቂያውን ወረቀት ይዘሽልኝ የመጣሽው አንቺው ራስሽ ነሽ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ እትዬ አልሽኝ። «ፈርሚበት እትዬ፣ ደንብ ስለሆነ ነው። አትቀየሚ።»

አልተቀየምኩም። ፈረምኩ። ከዚያ ማየት ጀመርኩ።

ሰው እጁ ልማድ አለው። አብሮሽ የሚሠራው ቁመታሙ እጮኛሽ ምስክሩን ከየትም መዝዞ ነበር የሚያነሳው፤ ሥርዓት የለውም። አንቺ ግን ንጽሕት ነሽ፣ እኔ ያሳደግኩሽ ነሽ። የሳህኖቹን ላስቲክ ትቀጂያለሽ፣ የላይኛዋን ታነሺያለሽ፣ ከጠረጴዛሽ በስተግራ ታስቀምጫታለሽ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ም» ትይባታለሽ። ሁልጊዜ የላይኛዋን። ሦስት ሳምንት አይቼሽ አንዴም አልሳትሽም።

ከዚያ በኋላ ለአንቺ ሁለት ጠርሙስ ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ትንሽና ትልቅ። ትንሹን በወግ በወጉ እስከ ሃያ እቆጥርለታለሁ። ከእሱ አንዲት ሳህን አፈሳለሁ። ትልቁን እያቃጠለ እጨምርበታለሁ። አሥራ ዘጠኝ የሞቱ ሳህኖች፣ ከላያቸው አንዲት ደህና። ላስቲኩን እጠቀልላለሁ። አረንጓዴ መስመር። የቁመታሙ ሰማያዊ ነበር፤ የእሱን አንድም ቀን አልነካሁበትም።

የሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደሆነ ብቻ ነው የማታውቂው። ምስክርሽ ባዶ ታድራለች፣ ስለዚህ ሳህኑ ደህና ነው። ሌላው ሁሉ ሞልቶ ያድራል። ከመቶ ነጠብጣብ መቶውን ብትፈትሺ አንዱም ውስጥ ዘረመሉ የለም። ታዲያ ከየት መጣ? አለቃችን መነጽሩን በመነጽሩ ላይ አድርጎ አየና «ከእጅሽ» አለሽ። «አምፒሲሊን የማይገድለው ቆሻሻ ይዘሽ ነው የምትገቢው። እጅሽን ታጠቢ።»

ታጠብሽ። በሳሙና፣ በአልኮል፣ እንደገና በሳሙና። በስምንተኛው ሳምንት ጣቶችሽ መሃል መሃሉን ተሰነጠቁ። ቅባት የገዛሁልሽ እኔ ነኝ። ማታ ማታ እጅሽን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀባሽ ነበር፤ አንቺም እንደ ሕፃንነትሽ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሰጪኝ ነበር። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ልጅሽ ይሄንን ጻፊ ስላለችኝ አይደለም የጻፍኩት፣ እንዲያውም እዚህ ጋ ስትደርስ ወንበሯን አንቀሳቀሰች። ደስ ብሎኝ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህ እጅሽን ሰጥተሽኝ አታውቂም ነበርና።

ከዚያ ቁመታሙ መጣ። ያንቺኑ ዘረመል፣ ያንቺኑ ባክቴሪያ ወስዶ በራሱ ሳህን ሞከረ። በሳምንቱ አሥራ ሁለት ነጠብጣብ፣ አሥራ ሁለቱም ትክክል። ሁሉም ሰው ዙሪያውን ከቦ ያይለት ነበር።

«ምን አድርገህ ነው?» አልሽው። ድምፅሽ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ምንም። እጄን ታጥቤ ገባሁ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም መታጠቢያው ጋ ቆሜ ሳቅኩ። አንቺ ዞር ብለሽ ያየሽው እኔን ነበር።

ሥራውን ለእሱ ሰጡት። ቀለበቱንም በወሩ መለሰልሽ። ስለ እሱ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ደህና ነው» እያልኩ አልፍሽ ነበር፤ ደህና አይደለም። ፀጉሩ አልቋል፣ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች፣ ቁመቱ እንኳ ጎብጦ የእኔን ያህል ሆኗል። በእግረ መንገድ ይሄን ላቀብልሽ ብዬ ነው፤ ልጅሽም ዝም ብላ አሳለፈችልኝ።

የለቀቅሽ ቀን ፀጉርሽን አጠብኩሽ። ገንዳው ላይ አጎንብሰሽ፣ ውሃው በፊትሽ እየወረደ፣ «እትዬ፣ ምኔ ላይ ነው ችግሩ?» አልሽኝ። እዚያ ጋ ልነግርሽ እችል ነበር። አፌን ከፍቻለሁ። የወጣው ግን «እህቴ፣ ሁሉም ሰው ለሁሉም ሥራ አልተፈጠረም። እጅሽ ለዚህ አይሆንም» የሚል ነው። ቀና አልሽና እንደ ረጠብሽ የእጄን አንጓ ሳምሽው። ሰው ሁሉ ሲዋሽሽ እውነቱን የነገርኩሽ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነገርሽኝ። በሦስተኛው ቀን ከተማውን ለቀቅሽ። ይኸው የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጠሽ፣ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፍሽ የሌላ ሰው ልጆች ውጤት ስትገለብጪ ሃያ ስድስት ዓመት።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ ልምጣ። ሰባቴ አንብቤዋለሁ። ሰባቴ ያነበብኩት፣ አውቀሽ ይሆን ብዬ ነው። አላወቅሽም። የጻፍሽው እንዲህ ይላል፤ «ልጄ እናንተ ጋ የሦስት ወር የሥራ ሙከራዋን ልትጨርስ ነው። የኔ ልጅ ናትና እጇን አውቀዋለሁ። ዛሬም ዳቦ ለመቁረጥ ሁለቴ የምታጠብ ሰው ነኝ፤ እሷ እንደዚህ ሆና እንድትቀር አልፈልግም። ሥራው ራሱ ሳይሰብራት በፊት አንቺ ቀስ አድርገሽ ስበሪልኝ። ለእኔ ያልሽኝን በያት። አንቺ ስትይው አያምም።»

አያምም። ይሄን በትልልቁ ነው የጻፍሽው።

እንግዲህ ልመናሽ ከመድረሱ በፊት ተቀድሟል። ባለፈው ወር ያንን የቁመት መድኃኒት እንደገና ሊያዩት አስበው፣ አዲሷ አለቃ ከመጋዘን የቆዩ ደብተሮች አስወጣች። አንዱን ለልጅሽ ሰጥታ «የዚችን ሴትዮ ስህተት አይተሽ ተማሪበት» አለቻት። አንዲት ሴት እንደነበረች ሰምታለች እንጂ የማን እንደሆነ አታውቅም፤ ከሽፋኑ ላይ ስሙ ለቋል። ልጅሽ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ስትገልጥ የእናቷን እጅ ጽሑፍ አወቀችው። ለማንም አልተናገረችም። ሦስት ቀን አነበበችው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ እኔ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ጠርሙስ አንጓዬ ላይ አድርጌ እየቆጠርኩ ነበር።

«አክስቴ፣ እማዬ ምስክሯን ከየት ነበር የምታነሳው?»

«ከላይ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ሠላሳ አንድ ሳምንት፣ ሠላሳ አንድ ንጹህ ምስክር። ከሥር ያለው በሙሉ የሞላ። እጇ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ምስክሯም አንድ ቀን ትበከል ነበር፤ የምትቀባት በዚያው እጅ ነው'ኮ። ቆሻሻ ከላይና ከታች አይመርጥም። የሚመርጥ ሰው ነው።»

ስንት ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ።

«ያኔ ሳህን የሚያፈስ ስንት ሰው ነበር?»

«እኔ ብቻ።»

አልጮኸችም። በርጩማውን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። እኔም ሁሉንም ነገርኳት፤ አሁን ለአንቺ እንደነገርኩሽ፣ ትንሹን ጠርሙስ፣ ትልቁን ጠርሙስ፣ ቅባቱን። ስጨርስ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ እኔ አልነበረም።

«ሕፃን ሆኜ ስወድቅ ቁስሌን የምታጥብልኝ ጎረቤታችን ነበረች» አለች። «እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታያለች፤ እጇን ከኋላዋ አድርጋ። እኔ የምትጸየፈኝ ነበር የሚመስለኝ።»

ጠርሙሱን አስቀመጥኩ።

«ለምን?» አለችኝ።

«ሳህን የሚያዘጋጁልን ሴትዮ ናቸው ብላኝ።»

«በቃ?»

«እና የማስጠንቀቂያውን ወረቀት አስፈርማኝ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሌላ ምክንያት እስክጨምር ጠበቀችኝ። ፈለግኩ፣ አልነበረኝም። ትንሿ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ሲያድር የሚገዝፍ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጮክ ብዬ ስናገረው ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሞላም።

ከዚያ ደብተሩን አጥፋ ተነሳች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ዞረች። «ቆይ፣ በሰባት ወር ውስጥ አንዴ እንኳ ከታች አላነሳችም? አንዲት ሳህን ከታች ብታነሳ ያልቅ ነበር'ኮ። የአንድ ቀን ሥራ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያስበው ነገር ነው። ለምን አላነሳችም?»

«ያፈሰስኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

«ጻፊላት» አለችኝ። «ካልጻፍሽ እኔ እጽፋለሁ፤ እኔ ስጽፍ ደግሞ አንቺን አላውቅም።» ይኸው እየጻፍኩ ነው።

የጠየቅሽኝን አላደርግም። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ብፈልግም አልችልም። ልጅሽ ጠዋት ትመጣለች፣ ደህና አደርሽ አትለኝም፣ ያፈሰስኩላትን ሃያ ሳህን ከነላስቲኩ ፊቴ ትፈታዋለች። አንዷን ከላይ፣ አንዷን ከመሃል፣ አንዷን ከሥር ታነሳለች። ሦስቱም ላይ በቀይ «ም» ትጽፋለች። እኔ እያየኋት። በማግስቱ ሦስቱም ባዶ ካደሩ ነው ሥራዋን የምትጀምረው። በየቀኑ። ከአንቺ የወሰደችው የእስክሪብቶውን ቀለም ብቻ ነው።

ሙከራዋ ዓርብ ያልቃል። የእኔንም አስተያየት ጠይቀዋል፤ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳህን ሳፈስ አስተያየት ሲጠይቁኝ የመጀመሪያቸው ነው። «ማንንም አታምንም፤ ትቀጠር» ብዬ ጽፌ ሰጥቻለሁ። አንቺ ደግሞ ያልኩሽን ለእሷ እንዳትያት። እጅሽ ለዚህ አይሆንም የሚለው ቃል የእኔ ነው፣ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ የሚቀበርም ከእኔ ጋር ነው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሞክሬው ተቀዷል። ልጅሽ እውነቷን ነው፤ ይቅርታ ስጠይቅሽ አንቺ እኔን ልታጽናኚ ትነሻለሽ፣ ጠባይሽን አውቀዋለሁ፣ ያ ጠባይሽ ነው ሠላሳ አንድ ሳምንት ያስቻለኝ። በመጪው ወር ጡረታ ስወጣ «መጥቼ ንግግር አደርጋለሁ፣ ‹እጇ ስቶ የማያውቅ እህቴ› ብዬ እጀምራለሁ» ብለሽኝ ነበር። እጄስ አልሳተም። ከመጣሽ ነይ። ሰው ሁሉ ባለበት «እኚህስ?» ብሎ የሚጠይቅሽ እንግዳ አይጠፋም፤ መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔም ጥግ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

የመጨረሻውን ገጽ ለልጅሽ ሰጠኋት። አነበበችው። አልቀደደችውም።

«ፈርሚ» አለችኝ።

«ምን ብዬ? እትዬ ልበል?»

«እሱን እሷ ካለችሽ ነው» አለችና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋችው። ቀዩን።

ሳህን የሚያዘጋጁላችሁ ሴትዮ